አሜን ያልኩበት ላንድክሩዘር

ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት እኔና አክስቴ ራሄል ከአዳማ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈርን። የምንሄደው መኪና ልንገዛ ነው። ይህን ስጽፈው እንኳ ደስ ይለኛል። ምርጫው ከሁለት ነው፤ ባቱ ያለች ባለ ሦስት በር ቪታራና ኩየራ ያለ ረጅም ላንድክሩዘር። ሁለቱም ያገለገሉ ናቸው፤ የሁለቱም አራቱ ጎማ ይጎትታል፤ ጎን ለጎን ቢቆሙ ግን እናትና ልጅ ይመስላሉ።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከተመረቅኩ ወዲህ የምሠራው በግሌ ነው፤ በአዳማ ዙሪያ፣ በወንጂና በመልካሳ በኩል ያሉ ገበሬዎች ከብት ሲታመምባቸው ይደውሉልኛል። የምሄደው በባጃጅ ነው፤ ባጃጁ ጭቃ አይቶ ሲመለስ ደግሞ መድኃኒት የያዘውን የበረዶ ሳጥኔን አንግቤ በእግሬ። ባለፈው ሐምሌ አንዲት ላም መውለድ አቅቷት ተጠራሁ፤ ጥቁሩ አፈር ጫማዬን እየነጠቀኝ ስደርስ ጥጃው ሞቶ ነበር። ባለቤቷ አልተቆጡኝም። እጄን እንድታጠብ ውኃ አመጡልኝ፣ ሻይ አጠጡኝ፣ እስከ አስፋልቱም ሸኙኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መኪና ለመግዛት የወሰንኩት ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ነው።

አንባቢ ከወዲሁ ሊያውቅልኝ የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ሰው ሲለምነኝ እምቢ ማለት አልችልም። አንገቴን እደፋለሁ፣ ፈገግ እላለሁ፣ ከዚያ «እሺ» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ እሰማዋለሁ። እኛ ሰፈር ደግሞ መኪና ያለው ሰው መኪናው የብቻው አይደለም። ሙሽራ ይጭናል፣ ምጥ የያዛትን ሐኪም ቤት ያደርሳል፣ ለቀስተኛ ያመላልሳል፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ከቦሌ ይቀበላል። ስለዚህ ለማንም ሳልናገር ልቤ ወደ ትንሿ አድልቶ ነበር። «ቦታ የለም» የሚለውን በእኔ ፋንታ እሷ ትልልኛለች ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ።

አክስቴ የምትፈልገው ትልቁን ነው። ራሄል ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪም ናት፤ በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ ስታፍር አይቻት አላውቅም። የእኔ ቁጠባ ለቪታራዋ ይበቃል። ለላንድክሩዘሩ የሚጎድለውን ቤተሰቡ አዋጥቶ ሊሞላልኝ ቃል ገብቷል፤ ሰዉን ሁሉ ደውላ ያስተባበረችውም እሷ ናት።

ከአዳማ እስከ ባቱ

ሞጆን አልፈን ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ቆቃ ላይ ዓሣ ሻጮቹ ያጠመዱትን ዓሣ በገመድ አንጠልጥለው መንገድ ዳር ቆመዋል፤ መኪና ሲቃረብ ከፍ ያደርጉታል፣ ሲያልፍ ይመልሱታል። ከዓለም ጤና ወዲያ ሽንኩርት በከረጢት ተደርድሯል። መቂ ላይ ሚኒባሱ ሰው ለማውረድ ቆሞ፣ አክስቴ በመስኮት ሐብሐብ ገዛች። ሻጩን በኦሮምኛ ሰላም ብላ፣ በአማርኛ ተከራክራ፣ በኦሮምኛ መረቀችው።

መንገዱን ሁሉ መዘምራኑን በሐሳቧ ስትጭን ነበር። ከፊት ሁለት፣ ከመሃል አራት፣ ከኋላ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስድስት፤ ሁሉም ገቡ።

«ኪቦርዱስ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ከጣሪያው ፖርታ ባጋሊዮ ላይ ይታሰራል።»

«ዝናብ ቢመጣስ?»

«ሊዱ፣ ዝናቡን ለጌታ ተይለት።»

ለአንድ ሰው ሁለት መቶ ብር ከፍለን ባቱ ወረድን። ብዙ ሰው ከተማዋን እስካሁን ዝዋይ ነው የሚላት። ሐይቁ አይታይም፤ ነፋሱ ግን ሽታውን ያመጣዋል። የአበባ እርሻዎቹ ጣሪያ ላስቲክ በፀሐይ ያብለጨልጫል።

የኦቦ ገመቹ ቪታራ

የቪታራዋ ባለቤት ኦቦ ገመቹ ሽንኩርትና ቲማቲም አምራች ናቸው። የሚሸጧት ምርት የሚጭን ፒካፕ ሊገዙ ስለፈለጉ ነው። «አካም፣ ነጋ?» ብለው በር ላይ ተቀበሉን። ከገበሬ ጋር ስውል በለመድኩት ኦሮምኛ መለስኩላቸው፤ ደስ አላቸው።

እስክመጣ ሞተሩን እንዳያስነሱብኝ ቀድሜ በስልክ ለምኛቸው ነበር። ኮፋኖውን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ቀለሟ የደበዘዘ አረንጓዴ ነው። የግራ በሯ ትንሽ ከፍ ካልተደረገ አይዘጋም። ጆንያ አንጥፌ ከሥሯ ገባሁ፤ ዝገት ፈለግኩ፣ የሚያንጠባጥብ ዘይት ፈለግኩ፣ የተበየደ ቦታ ካለ ብዬ ቻንሲውን በእጄ ዳበስኩ። ስወጣ ኦቦ ገመቹ እጃቸውን አጣምረው ይስቃሉ።

«ዶክተር፣ ላም መሰለችሽ እንዴ? አፏንም ክፈቺና ጥርሷን እዪ።»

አፍሬ መሬት መሬት አየሁ፤ አክስቴ ግን «ትያት እንጂ! ጥጃ መውለዷንም ትጠይቅልን» አለቻቸው።

ከዚያ ቁልፉን ሰጡኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቻለሁ፤ የነዳሁት ግን የዘመድ መኪና ነው፣ ያውም እየፈራሁ። እዚህ የወሰዱኝ በሽንኩርት ማሳዎቹ መሃል፣ በመስኖው ቦይ ዳር ባለው መንገድ ነው። ቦዩን የሚያሻግረው ድልድይ አንድ የሲሚንቶ ሰሌዳ ብቻ ነው፤ ጋሪ እንዲያልፍበት የተሠራ። ቆምኩ። ኦቦ ገመቹ ቀድመው ወርደው በእጃቸው ይጠሩኝ ጀመር። በመጀመሪያ ማርሽ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ተሻገርኩ። በሁለቱም በኩል ያሉት ጎማዎች ሰሌዳው ላይ ተደላድለው አለፉ። እኔ የምሠራባቸው የወንጂ አካባቢ ማሳዎች ድልድያቸው ሁሉ እንዲህ ነው።

ከቦዩ ማዶ ውኃ የፈሰሰበት ጭቃ ነበር። ትንሿን ማርሽ ሳብኩ። መኪናዋ አንዴ ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ እንደ ኤሊ እየዳኸች ወጣች። ሳላስበው ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ኋላ የተቀመጠችው አክስቴ አልሳቀችም። ጉልበቷ ጆሮዋ ጋ መድረሱን፣ በዚህች ዕቃ ውስጥ እንኳን መዘምራን አንድ ከበሮ እንደማይገባ ነገረችኝ።

ኦቦ ገመቹ የጠየቁት ዋጋ ከቁጠባዬ ብዙም አይርቅም። ሌላ መኪና ማየት እንዳለብኝ፣ መልሱን በማግስቱ እንደምነግራቸው ስገልጽላቸው አልተቀየሙም። ሐይቁ ዳር ወርደን የተጠበሰ ዓሣ በላን፤ ሳህኑ ሦስት መቶ ብር ነው። ዓሣው ትኩስ ነበር፤ ቆዳው ይንኮሻኮሻል። አክስቴ አጥንቱን እየለቀመች ስለ ላንድክሩዘሩ ብቻ አወራች።

ወደ ኩየራ

ከባቱ በኋላ አገሩ ይሰፋል። ቡልቡላን አልፈን የግራሩ ሜዳ ተዘረጋ፤ በቀኝ በኩል የአቢጃታ ዳርቻ ከሩቅ ጨው የተነሰነሰበት ይመስል ነጥቶ ይታያል። አርሲ ነገሌ ስንቃረብ ብርድ ተሰማን፤ መስኮት ተዘጋ፤ አረንጓዴው ጨመረ። ሻሸመኔ ገብተን፣ ባጃጆቹ ጡሩምባ ሲለዋወጡባት ከነበረች መንገድ ዳር ንጹሕ አልጋ አግኝተን አደርን። ዓርብ ጠዋት በባጃጅ ኩየራ ወጣን።

የላንድክሩዘሩ ባለቤት ጋሽ ጴጥሮስ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አክስቴ ከየከተማው መዘምራን በሚሰባሰቡበት ጉባኤ ታውቃቸዋለች። ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ ሐኪም እንዳይነዱ ከልክሏቸዋል፤ ልጆቻቸውም ይሽጡት ብለዋቸዋል። መኪናው በቆርቆሮ ዳስ ሥር ቆሟል። ነጭ ነው። ንጽሕናው እንኳን ከውጭ ከሥሩም አስገረመኝ፤ ጆንያዬን ያነጠፍኩት በከንቱ ነበር።

ወንበሩ ላይ ስወጣ ሰገነት ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። የግቢውን አጥር አሻግሬ የጎረቤት ጓሮ ይታየኛል። ሞተሩ ተነሥቶ ማጉረምረም ሲጀምር ጀርባዬን ደስ የሚል ነገር ወረረኝ። ጋሽ ጴጥሮስ ከጎኔ፣ አክስቴ ከመሃል፣ ወደ ላይኛው መንደር የሚወጣውን ዳገት ልሞክር ወጣሁ።

ከግቢው ሃምሳ ሜትር እንኳ አልራቅኩም። ነጠላቸውን ለለቅሶ ያዘቀዘቁ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አነሡ።

«ቁሚላቸው» አሉኝ ጋሽ ጴጥሮስ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ቆምኩ። አሮጊቷ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ከኋላቸው ሦስት ለቀስተኞች መጡ። ትንሽ እንደሄድን ሁለት ተጨመሩ፤ ከዚያ ድንች በጆንያ የያዘ ሰውዬ፤ ከዚያ ደግሞ «እስከ ጥግ ብቻ» ያለች ነፍሰ ጡር። ማንም አልጠየቀም፤ በሩን ራሳቸው እየከፈቱ፣ የቱን ወንበር እንደሚያጥፉ እያወቁ ይገባሉ። በመስታወት ሳይ አክስቴ በለቀስተኞቹ መሃል ተጣብቃ ሐዘኑን ትጠያየቃለች።

«ይቺ ልጅ ማናት? አዲስ ሹፌር ቀጠርክ?» አሉ አሮጊቷ።

«ገዢ ናት፣ እማማ።»

«ምን ልትገዛ?»

«መኪናውን።»

ለካስ ማንም አልሰማም ኖሯል። «ታዲያ እኛ በምን ልንሄድ ነው?» አሉ አሮጊቷ። የጠየቁት ጋሽ ጴጥሮስን ሳይሆን የእኔን ማጅራት ነበር።

ዳገቱ ቀይ ጭቃ ነው፣ ዝናቡ የሰነጠቀው። ያን ሁሉ ሰውና ድንች ጭኜ ገባሁበት። ላንድክሩዘሩ ባዶውን ያለ ያህል፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀይር ወጣው። እውነቱን ልናገር፤ ጫፉ ላይ ስደርስ ፈልጌው ነበር። እጄ መሪው ላይ ሞቆ፣ በዚህ መኪና የማልደርስበት በረት የለም እያልኩ ነበር።

ለቀስተኞቹ ሲወርዱ፣ ሰው ሲበዛባቸው እምቢ የሚሉት እንዴት እንደነበር ጋሽ ጴጥሮስን ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እምቢ የምትለው ባለቤቴ ነበረች» አሉኝ። «እሷ ካረፈች ወዲህ አውቶቡስ ሆኛለሁ።» እየሳቁ ነው ያሉት፤ በእጃቸው ግን የሌለ አቧራ ከፊታቸው ይጠርጋሉ። እኔ ባለቤትም የለኝ፣ ብዬ አሰብኩ።

አሜን

ተመልሰን ግቢ ስንገባ ድንች ወጥና ጎመን ቀርቦ ነበር። ጎረቤቶችም ወሬውን ሰምተው መጥተዋል፤ አሮጊቷ ራሳቸው ለቅሶውን ደርሰው በእግራቸው ወርደዋል። በላን፣ አመሰገንን። ከእኛ ወገን ቤት ያለ ጸሎት አይወጣም፤ ሁላችንም ተነሥተን ክብ ሠርተን ቆምን፣ ጋሽ ጴጥሮስም ዓይናቸውን ጨፍነው መጸለይ ጀመሩ። ለመንገዳችን ጸለዩ። ለአዳማ ቤተሰቤ ጸለዩ። ለገበሬዎቹና ለከብቶቻቸው ሳይቀር ጸለዩ፤ ልቤ ተነካ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ይህንንም መኪና ለልጃችን ስለሰጠሃት እናመሰግንሃለን።»

«አሜን» አለ ሰው ሁሉ።

እኔም አልኩ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ከጸሎት በኋላ አሜን ሳልል ቀርቼ አላውቅም፤ አፌ ራሱ ነው ያለው።

ዓይኔን ስገልጥ ነገሩ አልቆ ነበር። አክስቴ እንባዋን ትጠርጋለች። አንዷ ጎረቤት እልል አለች። ጋሽ ጴጥሮስ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ይዘው መዳፌ ላይ አኖሩት። ዋጋውን ከጠየቁት ላይ ብዙ እንደሚቀንሱልኝ፣ የተጸለየበት ነገር ላይ ክርክር እንደማያስፈልግ ተናገሩ። ውል አልተፈረመም፣ ብር አልተላለፈም፤ ግን እዚያ ግቢ ውስጥ መኪናው የእኔ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። አክስቴ ስልኳን አውጥታ አዳማ መደወል ጀመረች። ደውላ ከነገረች፣ ማታውን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያመሰግናል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመለስ ነገር አይኖርም።

ቁልፉ ከባድ ነበር። ያን ግቢ፣ ያን አሮጊት፣ ጋሽ ጴጥሮስን አየሁ። ይህን መኪና ወስጄ ጠዋት ላም ስትጠራኝ፣ ደጃፌ ላይ መዘምራንና ሙሽራ ቆመው ታዩኝ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ «እሺ» ስል።

«ጋሽ ጴጥሮስ» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ወጣ። «አሜን ያልኩት ከልቤ ነው። መኪናውን ግን አልገዛም።»

አክስቴ ስልኩ ጆሮዋ ላይ እየጠራ፣ «ምን አልሽ?» አለችኝ።

«አልገዛውም።» ሁለተኛው ከፍ ብሎ ወጣ። አክስቴ ስልኩን ዘጋችው።

ጋሽ ጴጥሮስ ጠጋ አሉኝ። «ዋጋው ከብዶሽ ነው?»

«አይደለም ጋሼ። መኪናው በጣም ጥሩ ነው። እኔ የምገባበት መንገድ ግን ጠባብ ነው፤ ድልድዩ ለእሱ አይበቃም። ደግሞ…» ቁልፉን ጨበጥኩ። «ደግሞ እኔም እንደ እርስዎ ነኝ። እምቢ ማለት አልችልም።»

አተኩረው አዩኝ፤ የደከመው ዓይናቸው በርበሬ መስሏል።

«አሁን ያልሽኝ ታዲያ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ቁልፉን በሁለት እጄ መለስኩላቸው። እጄን ለቀቅ ሳያደርጉ ይዘው ቆዩ፤ የተቀየሙ አልመሰለኝም፤ ትንሽ ያዘኑ ግን ይመስለኛል። ቀድመው የተናገሩት አሮጊቷ ናቸው።

«ተመስገን» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ጴጥሮስ፣ በል ሹፌር ፈልግ። ቅዳሜ ሻሸመኔ ገበያ አለኝ።»

ጋሽ ጴጥሮስ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ሌላውም ሳቀ። አክስቴ ብቻ አልሳቀችም።

መልስ

ከኩየራ እስከ አርሲ ነገሌ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ሚኒባሱ አርሲ ነገሌ ሲቆም፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች፣ ጸሎት እምቢ ያለ ሰው አይታ እንደማታውቅ ተናገረች።

ነገርኳት። ለምን ትንሿን እንደፈለግኩ፣ ሰው ደጃፌ ላይ ሲቆም ምን እንደምሆን፣ ከጥጃው ወዲህ መንገድ ላይ መዘግየት እንዴት እንደሚያስፈራኝ ሁሉንም ነገርኳት። ለማንም ያን ያህል ያወራሁበትን ቀን አላስታውስም።

«ሰው እንዳይጭንብሽ ነው እንግዲህ» አለች።

«አዎ።»

«እኔም ጭምር?»

«አንቺ ጭምር።»

ቡልቡላ ስንደርስ ከመቂ የገዛችውን ሐብሐብ የተረፈውን ከፌስታሏ አውጥታ ግማሹን ሰጠችኝ። ይቅርታዋ እንደሆነ ገባኝ።

ባቱ ላይ ኦቦ ገመቹ ሲያዩን «ጥርሷ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ?» ብለው ጠየቁ። ውሉን ምስክሮች ባሉበት ተፈራረምን፣ ገንዘቡን በባንክ አስተላለፍኩ፣ የስም ዝውውሩን በሚቀጥለው ሳምንት ልንጨርስ ተስማማን። ሁሉም ሲያልቅ ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ነበር፤ ሳይመሽ አዳማ ለመግባት ይበቃናል። ነዳጅ ማደያው ላይ ሰልፍ አልነበረም፤ ይህም ራሱ ስጦታ ነው።

ሞተሩን አስነሥቼ ልወጣ ስል፣ የኦቦ ገመቹ ምራት ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር መቂ እንድናደርሳት መጣች። ሁለት ሳጥን ቲማቲምም ይዛለች። ኋላ ያለውን ቦታ አየሁት፤ ለአንድ ሰውና ለበረዶ ሳጥኔ ነው የሚበቃው። «ቦታ የለም» ትልልኛለች ያልኳት መኪና ምንም አላለችም። ሴትየዋ ወንበሩን አጥፋ፣ ልጆቿን አስቀድማ፣ ቲማቲሙን ጭናቸው ላይ ጭና፣ «ተጠጋጉ» ብላ ገባች። አክስቴ ከፊት ሆና ሐሳቤን አነበበች መሰለኝ፤ እስከ መቂ ድረስ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መቂ አውርደናቸው ብቻችንን ስንቀር ጎማው ሁሉ ቀለለኝ። መስኮቱን ከፈትኩ። ቆቃ ላይ ውኃው በማታዋ ፀሐይ ቀልቷል፤ ዓሣ ሻጮቹ ዓሣቸውን ከፍ አድርገው ሲያሳዩኝ፣ የሚያሳዩት ለእኔ፣ ለባለ መኪናዋ መሆኑ ገርሞኝ ጡሩምባ ነፋሁላቸው። በሕይወቴ ለማያውቁኝ ሰዎች ጡሩምባ ነፍቼ አላውቅም። አክስቴ መዝሙር አወጣች፤ እኔም ተቀበልኳት።

አዳማ ስንገባ ገና አልጨለመም። ሰፈራችን ደርሼ ግራውን በር ከፍ አድርጌ ስዘጋ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ከበራቸው ብቅ አሉ። መኪናዋን ዞረው አዩ፣ መረቁኝ፣ ጎማዋን በእግራቸው ነካ አደረጉ። ከዚያ እህታቸው ሐሙስ ከውጭ እንደምትገባ፣ ከቦሌ ብቀበልላቸው እንዴት ደስ እንደሚላቸው ነገሩኝ። አክስቴ ዕቃዋን ማውረዷን አቁማ አየችኝ።

ሐሙስ ወንጂ በኩል የማያቸው ላሞች ነበሩኝ።

«ሐሙስ አልችልም እትዬ፤ ሥራ አለኝ» አልኳቸው።

የሚቀየሙ መስሎኝ ነበር፤ ስንት ዓመት የፈራሁት ይህን ነው። እትዬ ዘነበች ግን ቅንድባቸውን እንኳ አላነሡም።

«እሺ፣ ለሐሙስ ሌላ ሰው አላጣም። ቅዳሜስ? ሶደሬ ይዘናት ብንሄድ?»

በመንገዱ የተማርኩት ይህን ነው፦ መኪና በየትኛውም መጠን ቢሠራ በባለቤቱ ፋንታ አይናገርም፤ ሰውም እምቢ ሲባል እኔ የፈራሁትን ያህል አይጎዳም። ቅዳሜ ምንም አልነበረኝም። የሶደሬን መንገድ ደግሞ በራሴ መኪና አልነዳሁትም።

«ቅዳሜ እሺ» አልኳቸው፤ ይህን «እሺ» ግን ያልኩት እኔ ነበርኩ።